ቀላሉ ፈተና

«ናቹራል ይሻላል ሶሻል?»

ይህችን ጥያቄ ያልሰማ ጆሮ በዚህ አገር የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። 10ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ክረምቱን ሙሉ ከምድጃው ዳር አትጠፋም። መልስ ደግሞ ሞልቷል። አጎት መልስ አለው። ጎረቤት መልስ አለው። አምና የወደቀው የአክስት ልጅ መልስ አለው። የባጃጁ ሾፌር እንኳ መልስ አለው፤ እንዲያውም ከሁሉም ሚዛን የሚደፋው የእሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ በኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሥራ ያጣው እሱ ነዋ!

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጥያቄው ራሱ ነው። ልጁ «የትኛው ይሻላል?» ሲል አፉ የሚጠይቀው ሌላ፣ ሆዱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። አፉ «ምን ልማር?» ይላል። ሆዱ ደግሞ «የትኛው ፈተና ይቀለኛል?» ይላል። ወላጁም፣ መምህሩም፣ መካሪ ዘመዱም የሚመልሱት ለሆዱ ነው። የትምህርት ዘርፍ እንመርጣለን እንላለን እንጂ የምንመርጠው ፈተና ነው። እሺ፣ ፈተናም ይሁን። ግን «ቀላል» የምንለውን ነገር ቀላልነቱን ማን አየው? እስቲ አገላብጠን እንመልከተው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በስም አንድ፣ በተግባር ሁለት ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንሱ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በር አንድ ቢሆንም ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ 11ኛ ክፍል ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። ይህን የሚወስነው እንግዲህ የዐሥራ ስድስትና የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው።

አብዛኛው ልጅ ወዴት ሄደ? በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ሻንጣቸው ተፈትሾ የተፈተኑትን የ2014 ዓ.ም. ፈተና እናንሳ። የተፈተኑት 896,520 ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 339,642ቱ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 556,878ቱ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ነበሩ። ከመቶው 62ቱ ሶሻል ማለት ነው። ሕዝቡ በእግሩ ድምፅ ሰጥቷል፤ «ቀላሉ ይኸኛው ነው» ብሏል።

ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ። 3.3 በመቶ። አገር ጉድ አለ፤ ሁላችንም ስለ 3.3 አወራን፤ አዘንን፤ ተሳደብን፤ ተውነው። ከሥሯ የነበሩትን ሁለት ቁጥሮች ግን ልብ ያለ ጥቂት ነው። ከናቹራል ያለፉት 22,936 ናቸው፤ 6.8 በመቶ ገደማ። ከሶሻል ያለፉት 6,973፤ 1.3 በመቶ። በሚቀጥለው ዓመት ፈተናም ነገሩ አልተገለበጠም። ካለፉት 27,267 ተማሪዎች 19,017ቱ የናቹራል፣ 8,250ዎቹ የሶሻል ነበሩ። ያኔም ቢሆን በቁጥር የሚበልጡት የሶሻል ተፈታኞች ናቸው።

ቸኩሎ የሚያነብ ሰው «በቃ፣ ከባዱ ሶሻል ነው ማለት ነው» ብሎ ልጁን ነገ ወደ ናቹራል ሊያዛውር ይችላል። ቆይ! አይቸኩል። ሁለቱን ፈተናዎች የሚቀመጡት አንድ ዓይነት ተማሪዎች አይደሉም። በብዙ ትምህርት ቤት ደረጃ የሚይዙት ልጆች ናቹራል ይገባሉ፤ የቀረው «ሶሻል» ይባላል። ተጫዋቾቹን ሁሉ ለአንዱ ቡድን ሰጥቶ ሲያበቃ የሁለቱን ጎል መቁጠር እንደ ማለት ነው። ስለዚህ 6.8 እና 1.3 የወረቀቶቹን ክብደት አይነግሩንም። የሚነግሩን ልጆቻችንን በምን ወንፊት እንዳበጠርናቸው ነው።

ወንፊቱ ደግሞ ስድብ አለበት። «ሶሻል የሰነፍ ነው» የሚለው አነጋገር ከቡና ቤት ወሬ አልፎ መምህራን ቢሮ ድረስ ገብቷል። ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ታሪክ፣ ጋዜጠኝነት፣ አስተዳደር የሚማሩት ልጆች የሚወጡት ከዚሁ ክፍል ነው። ዳኛው፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ በጀት የሚመድበው ሹም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ነገ የሚፈርድብንን፣ ብራችንን የሚቆጥርልንንና የሚያስተዳድረንን ሰው «ሌላ ቦታ ያልቻለ እዚህ ይግባ» ብለን እያሳደግን፣ ነገሩ ሲበላሽ «ምን ነካን?» እንላለን። ምንም አልነካን። የዘራነውን ነው የምናጭደው።

* * *

ይህን ሁሉ የምለው ከአየር ላይ አይደለም። ተበላን ለማታውቋት፣ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት። የስሟን ትርጉም በአማርኛ መፈለግ ተገቢ ባይሆንም የአማርኛ ጆሮ እየተጫወተበት ተቸግረናል። አንድ የሰፈር ልጅ ከፈተና ሲመለስ «እንዴት ነበር?» ብለው፣ «ተበላን» አለኝ። ሰፈሩን ይንገረኝ ሽንፈቱን ለጊዜው ግራ ገባኝ።

እዚያው ተበላ ውስጥ አንድ አባት አስቆሙኝ። ልጃቸው 10ኛ ክፍልን ጨርሳለች። «መምህሩ ሶሻል ትግባ አሉ» አሉኝ፤ «ደረጃዋ ከሃያ በኋላ ስለሆነ ናቹራል አትችልም አሉ። አንተ ምን ትላለህ?»

ልጅቷን ጠየቅኳት፦ «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔም ሶሻል ይሻለኛል። ሒሳብ አልወድማ!»

«ሶሻልም እኮ ሒሳብ አለው።»

«አለው ጋሼ፤ ግን ቀላል ነው ይባላል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ልጆች።»

የአገራችን ትልቁ የትምህርት አማካሪ ድርጅት ይኸው ነው፤ «ልጆች»። ቅርንጫፉ በየወረዳው አለ፤ ክፍያ አይጠይቅም፤ ተጠያቂም አይሆንም። ሚኒስቴሩ፣ ትምህርት ቢሮው፣ ርዕሰ መምህሩ ዝም ባሉበት አገር «ልጆች» ቢናገሩ ምን ይፈረዳል?

እስቲ ከዚህች ልጅ ጋር ቁጭ ብለን የሠራነውን ሒሳብ ላካፍላችሁ። ፈተናው ከ600 ነው፤ ስድስት ወረቀት፣ እያንዳንዱ ከመቶ። ማለፊያው 300። ከስድስቱ ውስጥ ሦስቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ናቹራልም ብትገባ ሶሻልም ብትገባ ይጠብቋታል። የሶሻሉ ሒሳብ ከናቹራሉ ቀለል ሊል ይችላል፤ ሒሳብነቱን ግን አልተወም። እንግዲህ ያቺ ክረምቱን ሙሉ የምናንከባልላት «ናቹራል ወይስ ሶሻል» የምትወስነው የፈተናውን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከምርጫው ውጭ ነው።

ቀጠልን። አራት ምርጫ ያለውን ጥያቄ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። ሦስቱን የጋራ ወረቀቶች እንዲሁ በግምት ያጠቆረ ልጅ 75 ይዞ ይወጣል። 300 ለመሙላት ከቀሩት ሦስት ወረቀቶች 225 ያስፈልገዋል፤ በየወረቀቱ 75 ማለት ነው። ታሪክ 75፣ ጂኦግራፊ 75፣ ኢኮኖሚክስ 75! በጋራዎቹ ላይ በየወረቀቱ 40 ያመጣ ደግሞ ከቀሩት በየወረቀቱ 60 ይበቃዋል። 50 ካመጣ 50። ሒሳብ የምትጠላ ልጅ ሒሳብን ሸሽታ የትም አትደርስም፤ ሸክሙን ከአንድ ትከሻዋ ወደ ሌላው ነው ያዞረችው።

ልጅቷ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይህን ለምን ማንም አልነገረንም?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። አራቱን የሒሳብ መደቦች ብቻ የሚጠይቅ፣ በእረፍት ሰዓት በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚያልቅ ነገር ነው። ይህን ለማስረዳት በጀት አያስፈልግም፤ ዎርክሾፕ አያስፈልግም፤ አበል አያስፈልግም። ምናልባት ያልተሠራው ለዚህ ይሆን?

* * *

የጋራውን ግማሽ እንተወውና ወደ «ቀላሉ» ግማሽ እንግባ። «ሶሻል ማንበብ ብቻ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ማንበብ ነው። ግን በምን ቋንቋ?

የተበላ ልጅ እቤቱ ወላይትኛ ይናገራል። ገበያ ሲወጣ፣ ቢሮ ሲሄድ አማርኛ ይጨምርበታል። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ በዚህ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ለብዙ ዓመታት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነበር። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። በክፍል ውስጥ መምህሩ እንግሊዝኛውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፣ በአማርኛ ወይም በወላይትኛ ያብራራዋል፣ ልጁ እንግሊዝኛውን ይገለብጠዋል። የተረዳው በአንድ ቋንቋ፣ የጻፈው በሌላ። የፈተናው ቀን የተረዳበት ቋንቋ ከግቢው በር ላይ ይመለሳል፤ የሚገባው የገለበጠበት ነው።

በፊዚክስ ጥያቄ ላይ ቁጥር አለ፤ መለኪያ አለ፤ ቀመር አለ። እንግሊዝኛው ግማሹ ቢያመልጠው እንኳ ቀመሩን ያወቀ ልጅ በቁጥሮቹ እየተመራ መልሱ ጋ ሊደርስ ይችላል። በታሪክ ጥያቄ ላይ የሚመራው ቁጥር የለም። አራቱም ምርጫዎች ረጃጅም ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ አንዲት «ኖት» ወይም «ኤክሴፕት» የምትባል ቃል ካመለጠችው ጥያቄው ተገለበጠ። በእንግሊዝኛ የሚደክም ልጅ «ማንበብ ብቻ ነው» ተብሎ ከሁለቱ ይበልጥ በእንግሊዝኛ ላይ ወደተንጠለጠለው ፈተና ይላካል። ይህ ምክር ነው እንግዲህ!

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከተበላ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሁምቦን ተራራ ያያል። ተራራው በአንድ ወቅት ራቁቱን ቀርቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ግድም በወርልድ ቪዥን ድጋፍ የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው 2,728 ሄክታር መሬት ከልለው መጠበቅ ጀመሩ። ዋናው ዘዴ ችግኝ መትከል አልነበረም። ዛፉ ከላይ ተቆርጦ ቢያልቅም ጉቶውና ሥሩ አፈር ውስጥ በሕይወት ነበሩ፤ ከብት ተከልክሎ፣ ቡቃያው ተመርጦና ተገርዞ ሲጠበቅ ደኑ ራሱ ተነሣ። ከዚያም ደኑ የሳበው ካርቦን ተለክቶ ለዓለም ባንክ ተሸጠ፤ ማኅበራቱም ገንዘብ አገኙ።

አስቡት እንግዲህ። የአፈር መሸርሸር፣ የደን መልሶ ማገገም፣ የጋራ ሀብት አስተዳደር፣ የካርቦን ገበያ። ጂኦግራፊው፣ ኢኮኖሚክሱ፣ ባዮሎጂውም ጭምር ከቤቱ ደጃፍ ቆሟል። አባቱ የማኅበሩ አባል ሊሆን ይችላል። እሱ ራሱ ከብት ከክልሉ መልሶ ይሆናል። ይህ ልጅ ስለ ደን መመናመን የሚጠይቅ የፈተና ጥያቄ ቢቀርብለትና ቢስት፣ የሳተው ጂኦግራፊ ነው ወይስ እንግሊዝኛ? ፈተናው ይህን አይለይም። «ከመቶ 31» ብሎ ይመልስለታል። ልጁም «ጂኦግራፊ አልችልም ማለት ነው» ብሎ ዕድሜ ልኩን ያምናል።

«ታዲያ ሁሉም ናቹራል ይግባ ነው የምትለው?» እንዳትሉኝ። እዚያም ሠርግ የለም። ኬሚስትሪን ያለ ላቦራቶሪ መማር ዋናን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ መማር ነው። የተማሪው እጅ የሙከራ ብርጭቆ ሳይነካ ስለ አሲድና ቤዝ 40 ገጽ ይሸመድዳል። የፊዚክስ መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት ደግሞ «ናቹራል መርጫለሁ» ማለት ምን ማለት ነው? ዳቦ ቤት ገብቶ ሥጋ ማዘዝ ነው።

የ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲነገር ከ3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም ተባለ። ከመቶ 43 ገደማ። በ2017 ዓ.ም. ፈተና የአላፊዎቹ ድርሻ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ሲል ደስ አለን፤ ያን ጊዜም ግን አንድ ሰው ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,249 ነበሩ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ያለች ልጅ «ናቹራል ይሻላል ሶሻል?» ብላ ብትጠይቅ ሐቀኛው መልስ «ልጄ፣ ሁለቱም በር ከውጭ ተቆልፏል» የሚል ነው። ይህን የሚላት ግን የለም። «ጠንክረሽ አጥኚ» ነው የምትባለው።

* * *

ይህ የመገለባበጥ በሽታ ከየት መጣ? ከልጆቹ አልጀመረም።

በድሮው ማትሪክ ዘመን ተማሪው የሚቀመጥባቸውን ትምህርቶች በተወሰነ ደረጃ ራሱ ይመርጥ ነበር፤ ውጤቱም በኤ፣ በቢ፣ በሲ እየተባለ ይወጣ ነበር። በ1993 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ፤ ከእሱ ያለፈው ፕሪፓራቶሪ ገብቶ በሁለቱ ዘርፎች ተከፈለ። ያ የ10ኛ ክፍል ፈተና ብዙ ልጅ ያስቀረ ክፉ ወንፊት ነበር፤ ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀረ። ቢያንስ ግን አንድ ነገር ይሠራ ነበር፦ ልጁ 11ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት በሁሉም ትምህርት አገር አቀፍ ሚዛን ላይ ወጥቶ የት እንደሚበረታ ይነግረዋል። አሁን ሚዛኑ ተነሥቶ ምርጫው ብቻ ቀርቷል።

በመካከሉ ደግሞ «70 በ30» መጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማሩ ብሎ ወሰነ። አገር ፋብሪካ ትፈልጋለች፤ ፋብሪካ ኢንጂነር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ኢንጂነር እናምርት ተባለ። ኢንጂነሩ ተመረተ፤ ፋብሪካው ዘገየ። ያ ኢንጂነር ወደ ሶዶ ተመልሶ ባጃጅ ሲነዳ ታናሽ ወንድሙ አየው። ታናሹ ደግሞ «ናቹራል ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሶሻል ገባ። ከላይ በመመሪያ ወደ አንድ ወገን የተገፋ ትውልድ ከታች በፍርሃት ወደ ሌላው ወገን ሸሸ። ትናንት 70 በ30 ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የፈተና አዳራሽ ውስጥ ያየነው 38 በ62 ነው። ሁለቱም ጊዜ ልጁን «አንተ በምን ትበረታለህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ባሕር ማዶም ፈተና ይመርጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ለመግባት የሚያገለግሉ ሁለት ትልልቅ ፈተናዎች አሉ፤ በ1926 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤስኤቲ እና በ1959 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤሲቲ። የመጀመሪያው ሲጀመር «ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ቴስት» ይባል ነበር፤ ተፈጥሯዊ የማሰብ ችሎታን እለካለሁ ብሎ ነው የተነሣው። ሁለተኛው «በትምህርት ቤት የተማርከውን እለካለሁ» ብሎ መጣ። ውሎ አድሮ ሁለቱ እየተመሳሰሉ ሄዱ፤ ኤስኤቲም «አፕቲትዩድ» የሚለውን ቃል ከስሙ አወጣ። እኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ትሪ አቅርበናል። የትምህርት ወረቀቶቹ «የተማርከውን አሳየኝ» ይላሉ፤ አፕቲትዩዱ «ያልተማርከውን አሳየኝ» ይላል። ይህ አፕቲትዩድ የሚባለው መጽሐፍ የለው፣ መምህር የለው፣ በሳምንቱ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ስሙ የለ። አዲስ አበባ ውስጥ በየቱቶሪያሉ ይሠለጥኑበታል። ተበላ ላይ ብዙው ልጅ ከወረቀቱ ጋር የሚተዋወቀው በፈተናው ቀን ነው። ከ600ው መቶው ግን የእሱ ነው።

አሜሪካኖቹ ፈተናቸው ፍትሐዊ ነው ልል አይደለም፤ እነሱም የሀብታም ልጅ ይበልጥ ያልፋል እያሉ ሲነታረኩ ኖረዋል፤ ሁለቱንም ፈተና ጨርሶ የተወ ዩኒቨርሲቲም አለ። ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ልማዳቸው ነው። እዚያ ያለ ልጅ በሁለቱ ፈተናዎች መካከል ሲያመነታ የሁለቱንም የልምምድ ወረቀት ወስዶ፣ ሰዓት ይዞ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሞክራል። ከዚያ የተሻለ ያመጣበትን ይመርጣል። ወሬ አይሰማም፤ ራሱን ይለካል። ለዚህ ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች እንኳን ሶዶ ተበላም በየስልኩ ላይ ይዞራሉ።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ አንድ ሳምንት ይመድብ። ልጆቹ ሁለቱንም ዘርፍ ይሞክሩ፤ እስከ 10ኛ ክፍል ሁሉንም ተምረዋልና ለደረጃቸው የሚሆን ጥያቄ ማውጣት መምህራኑን አያቅታቸውም። ፊዚክሱንም ታሪኩንም፣ ኬሚስትሪውንም ኢኮኖሚክሱንም፣ አፕቲትዩዱንም ጨምሮ፣ ሰዓት ተይዞ። ውጤቱን ለልጁና ለወላጁ በአንድ ወረቀት ይስጧቸው። ያን ጊዜ «ደረጃዋ ከሃያ በኋላ ነው» የሚባለው ነገር ይቀራል፤ ደረጃ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፣ የት እንደምትበረታ አይናገርም። በድምር ሃያኛ የወጣች ልጅ በባዮሎጂ ሦስተኛ ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ ሲጀምር በሩ ላይ እውነቱን ይለጥፍ። የፊዚክስ መምህር አለን ወይም የለንም። ላቦራቶሪ ይሠራል ወይም ተቆልፏል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከናቹራል ይህን ያህል፣ ከሶሻል ይህን ያህል አሳልፈናል። ሚኒስቴሩም አገር አቀፉን አንድ ቁጥር ነግሮን ከሚያልፍ የየትምህርት ቤቱን በየዘርፉ ለይቶ ያውጣልን። 3.3ን ያወቀ ወላጅ ከማዘን በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። የቀበሌውን ትምህርት ቤት ቁጥር ያወቀ ወላጅ ግን ርዕሰ መምህሩን ያስጨንቃል። ምናልባት የማይወጣውም ለዚህ ይሆናል።

ሦስተኛው ለእኛ ለመካሪዎቹ ነው። «ሶሻል የሰነፍ ነው» ማለት ይብቃን። ልጅን «ሰነፍ ነህና እዚህ ግባ» ብሎ ካስገቡት በኋላ ጎበዝ እንዲሆን መጠበቅ አይቻልም። ፈተናው እንደሆነ እየከበደ ነው የሚሄደው። ብሔራዊውን ያለፈ ልጅ እንኳ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ካለ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲው የራሱ የመግቢያ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ተመርቆ ሊወጣ ሲል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና አለ። 11ኛ ክፍል ላይ «ቀላሉን» ብሎ የተሸሸገ ልጅ መሸሸጊያው የሚቆየው ሁለት ዓመት ነው።

የሁምቦ ገበሬዎች ተራራውን ሲያድኑት መጀመሪያ ያደረጉት መሬቱን ማየት ነበር። የትኛው ጉቶ ሕይወት አለው? የትኛው ቡቃያ ይቀመጥ፣ የትኛው ይገረዝ? አይተው፣ ዳስሰው ነው የመረጡት። ለጊፋታ በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ የወላይታ አባወራም እንዲሁ ነው፤ የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ፣ ጎኑን ሳይዳብስ፣ ወዲያ ወዲህ ሳያስነዳ ዋጋ አይቆርጥም። በጎረቤት ወሬ በሬ የሚገዛ ሰው ቢገኝ መንደሩ ሁሉ ይስቅበታል።

ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልፋት ግን «ልጆች ቀላል ነው አሉ» ይበቃናል። የሚስቅብንም የለም፤ ሁላችንም ገበያው ውስጥ ነንና።